ከሴኡል ምድር ቤቶች፦ ስለ ኮሪያ ፓንክ የሚያውቅ ካለ ይምጣ

ምድር ቤት፦

ሰላም ቤተሰብ። ሴኡል ለትምህርት ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የኮሪያ ሙዚቃ ሲባል እኔም ኬፖፕ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ላቦራቶሪ አብሮኝ የሚሠራ ኮሪያዊ ልጅ፣ ቀን ቀን ድምፁ እንኳ የማይሰማ፣ «ማታ እንጫወታለን፣ ና» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ይኸው ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የጆሮዬ ጩኸት ቢያቆምም እኔ ገና አልተረጋጋሁም።

ሰፈሩ ሙሌ-ዶንግ ይባላል። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆረጥና ሲበየድ የሚውልበት ነው፤ ትንንሽ የብረታ ብረት ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተደርድረዋል። ማታ መዝጊያቸው ሲወርድ መንገዱ ጭር ይላል፣ የማሽን ዘይቱ ሽታ ግን አይለቅም። ከአንዱ ሱቅ ጎን በጠባብ ደረጃ ወርደን አንዲት ክፍል ገባን። ስፋቷ ከደህና ሳሎን አይበልጥም። መድረክ የሚሉት ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ጣውላ ነው።

ሙዚቃው ፓንክ የሚሉት ፈጣንና ጩኸታም ሮክ ነው፤ ሲጀመር ሰዉ በትከሻ ይጋጭ ጀመር። ጠብ የተነሳ መስሎኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። አንድ ልጅ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ወዲያው አራት አምስት እጅ ብብቱን ይዞ አነሳው። አንዲት ልጅ ደግሞ ከወለሉ ላይ የሰው መነጽር አግኝታ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች። ዘፈኑ አልቆመም፣ እሷም እጇን አላወረደችም።

ሲያልቅ ደጅ ወጥተን አንድ ሱቅ በራፍ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፀጉሩን ግራና ቀኝ ተላጭቶ መሃሉን እንደ ጦር ያቆመ፣ ጃኬቱ ላይ መርፌ ቁልፍ የደረደረ ልጅ፣ በዕድሜ ለሚበልጠው ሰው ሶጁ የሚሉትን የኮሪያ አረቄ ሊቀዳ ብድግ ብሎ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሰውየውን «ህዮንግ» ነው የሚለው፤ በኛ ወንድምጋሼ እንደማለት። ይሄ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እነዚህ ልጆች ከየት መጡ? መቼ ጀመሩ? የምታውቁ አስረዱኝ።

የባስ ክር፦

ወንድሜ፣ ባየኸው ቀናሁ። አዲስ አበባ ሆኜ ባስ እጫወታለሁ፤ ይሄን ታሪክ መከታተል ከጀመርኩ ቆየሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ነገሩ የሚጀምረው ሆንግዴ ከሚሉት ሰፈር ነው፣ ሆንጊክ ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ። ዩኒቨርሲቲው በሥነ ጥበብ ትምህርቱ የታወቀ ስለሆነ ሠዓሊውም ሙዚቀኛውም እዚያ ይውል ነበር፣ ኪራዩም ያኔ ርካሽ ነው። 1994 ላይ ድራግ የሚባል የምድር ቤት ክለብ ተከፈተ፤ ባለቤቱ ሊ ሶክ-ሙን ይባላል። ኤፕሪል 5 ቀን 1995 የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኒርቫና ዘፋኝ የነበረው የከርት ኮቤይን ሙት ዓመት እዚያ በሙዚቃ ታሰበ፤ ብዙዎች የኮሪያ ፓንክን ልደት ከዚያ ምሽት ይቆጥሩታል።

ከድራግ ልጆች ስማቸው የገነነው ክራይንግ ነት ናቸው። አብሮ አደጎች ናቸው፤ ጊታሪስቱና ድራመሩማ መንታ ወንድማማቾች። የስማቸውን ነገር ራሳቸው ሲያወሩት፣ የአውቶቡሱን ሳንቲም የኮሪያ የዋልነት ኬክ በልተውበት እያለቀሱ በእግራቸው ወደ ቤት ከሄዱበት ቀን የመጣ ነው። «የሚያለቅስ ዋልነት» ማለት ነው እንግዲህ። 1996 ላይ «የሎው ኪችን» ከሚባል ባንድ ጋር አንድ አልበም ተካፍለው አወጡ፣ «አወር ኔሽን» ይሰኛል። ትልቅ ኩባንያ አልነካውም፤ ያሳተመው ክለቡ ራሱ ነው። በዚያው ዓመት ከምድር ቤት ወጥተው ጎዳና ላይ፣ ሴኡል መሃል ሚዮንግዶንግ ድረስ ሄደው ተጫወቱ። ከሥራ ወጥቶ የሚገዛዛው ሰው ቆሞ ሲያያቸው አስበው!

1998 ላይ በአልበማቸው የወጣው «ማል ዳሊጃ»፣ ትርጉሙ «ፈረስ እናስጋልብ» የሆነው ዘፈን፣ አገር ምድሩን አዳረሰ። ዛሬ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ኖሬባንግ፣ ማለትም ካራኦኬ ቤት፣ ገብቶ ክራባቱን አላልቶ የሚጮኸው ዘፈን ነው።

ጠያቂ ልብ፦

ቅር እንዳትሰኙብኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። ጃኬቱ ከለንደን፣ የባንዱ ስም እንግሊዝኛ፣ ሙት ዓመቱ የአሜሪካዊ። ታዲያ የኮሪያ የሆነው የቱ ጋ ነው? ደግሞስ ስልክና መርከብ ሠርቶ ለዓለም የሚሸጥ አገር ልጅ ምን ጎድሎት ነው የሚጮኸው?

ዘመን ቆጣሪ፦

ጠያቂ ልብ፣ ጥሩ ጠየቅህ። መልሱ ግን ከ1994 ትንሽ ወደ ኋላ ይወስደናል።

በ1970ዎቹ፣ በወታደራዊው ገዥ በፓርክ ቹንግ-ሂ ዘመን፣ ፖሊስ መቀስና ማስመሪያ ይዞ መንገድ ላይ ይቆም ነበር። መቀሱ ፀጉሩን ላሳደገ ወንድ ነው፤ ማስመሪያው የሴቶችን ቀሚስ ከጉልበት በላይ ስንት እንደሆነ ለመለካት። ሰዓት እላፊው ከኮሪያ ጦርነት በፊት ከ1945 ጀምሮ የነበረ ሲሆን የተነሳው በጃንዋሪ 1982 ነው። ልብ በል፣ ማታ መጫወት የማይቻልበት ከተማ ማለት ነው፣ አንድ ትውልድ ሙሉ። 1975 ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ታገዱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኮሪያ ሮክ አባት የሚባለው ሺን ጁንግ-ህዮን በማሪዋና ክስ ታሰረና ለዓመታት መድረክ ተከለከለ። 1980 ላይ ደግሞ ጄኔራል ቹን ዱ-ህዋን ሥልጣን ሲይዝ «ማኅበረሰቡን እናጸዳለን» ተብሎ ወደ 40,000 ሰው ሳምቾንግ ወደሚባለው ወታደራዊ ካምፕ ተጋዘ። ከመሃላቸው ወንጀለኛም ነበረ፣ መንገድ ላይ ሰክሮ የተገኘ ወይም አካሉ ላይ ንቅሳት ያለው ብቻም ነበረ። ዛሬ በዚያው ካምፕ ስም የሚጠራ የፓንክ ባንድ አለ፣ ሳምቾንግ። ስሙን ሲጠሩት አባቶቻቸው ዝም ያሉትን ነገር ነው የሚጠሩት። ይሄ ከለንደን የመጣ አይደለም።

ዘፈን ከመታተሙ በፊት ግጥሙ ለሳንሱር ይቀርብ የነበረውስ እስከ መቼ ይመስላችኋል? እስከ ጁን 1996! ጆንግ ቴ-ቹን የሚባል የሕዝብ ዘፋኝ ሳንሱር ያላለፈ አልበም እያወጣ፣ ፍርድ ቤት እየቆመ ለዓመታት ታግሎ ነው ሳንሱሩ የወደቀው። ድራግ ሲከፈት ሕጉ ገና በቦታው ነበር።

ሌላ ደግሞ ሰው የማያነሳው ጉዳይ አለ፣ የክለቡ ፈቃድ። እነዚህ ቤቶች ፈቃዳቸው የምግብ ቤት ነበር። በምግብ ቤት ፈቃድ ደግሞ ከሁለት ሰው በላይ ሆኖ መድረክ ላይ መጫወት ክልክል ነው። ሦስት ሰው ያለው ባንድ ሕገወጥ ነው ማለት ነው፤ ድራመሩ እንደተቀመጠ ባለቤቱ ጥፋተኛ ሆነ። ደንቡ የተቀየረው በ1999 ነው። ስለዚህ የኮሪያ ፓንክ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የኖረው ቃል በቃል ከሕግ ውጭ ነው፤ ጩኸቱ ሳይሆን የሰዎቹ ቁጥር ወንጀል ሆኖ። ጎድሎት የሚጮኸው ምኑ ነው ላልከው፣ ለኔ መልሱ ቦታ ነው። ተሰብስቦ ድምፁን የሚያወጣበት ክፍል።

የባስ ክር፦

ዘመን ቆጣሪ ስለ ታሪኩ ጨረሰው፣ እኔ በጆሮ የሚሰማውን ልጨምር። ሰዎቹ ራሳቸው ነገሩን «ቾሶን ፓንክ» ይሉታል፤ ቾሶን እስከ 1897 የነበረው የድሮው መንግሥታቸው ስም ነው። ክራይንግ ነት ውስጥ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው አለ፣ ኪም ኢን-ሱ። ጊታሩ ሲጋልብ አኮርዲዮኑ ከሥር ገብቶ የትሮትን ዜማ ያመጣዋል። ትሮት እንግዲህ ሽማግሌዎቻቸው አውቶቡስ ውስጥና ሠርግ ላይ የሚያለቅሱበት ዘፈን ነው። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ የባሱን መስመር ለመልቀም ስሞክር፣ እንግሊዝ ፓንክ ላይ የለመድኩት እጅ አልሄድልህ አለኝ። ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ነው። ቅጂ ቢሆን ኖሮ ጣቴ ያውቀው ነበር።

ምድር ቤት፦

ስለ ቦታ ያልከው ገባኝ፣ ዘመን ቆጣሪ። ጓደኛዬን ስለ ሆንግዴ ስጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠ። «ከ2005 በኋላ…» ብሎ ተወው። ምን ሆነ?

ዘመን ቆጣሪ፦

ጁላይ 30 ቀን 2005፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የኮሪያው ኤምቢሲ ቴሌቪዥን የቀጥታ የሙዚቃ ፕሮግራም ነበረው። ረክስ የሚባለው የፓንክ ባንድ ተጋብዞ ጓደኞቹን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ዘፈኑ መሃል ላይ ካውች ከሚባል ባንድና ከሌላ ባንድ የመጡ ሁለት ልጆች ሱሪያቸውን አወለቁ። ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ግን ቀጥታ ሥርጭት ነው፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ተቀምጧል።

ይሄን ማንም ሊከላከለው አይገባም፣ እኔም አልከላከልም። ታሰሩ፣ ለአደንዛዥ ዕፅ ተመረመሩ፣ ምንም አልተገኘም፣ በኋላ በገደብ ተቀጡ። ፕሮግራሙ ተዘጋ። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የዚያን ጊዜው የሴኡል ከንቲባ ሊ ሚዮንግ-ባክ በሆንግዴ ያሉ እንዲህ ዓይነት ባንዶች ስማቸው በጥቁር መዝገብ እንዲሰፍር የሚል ሐሳብ አመጡ። በሁለት ልጅ ጥፋት አንድ ሰፈር ሙሉ ተጠርጣሪ ሆነ። የረክሱ መሪ ዎን ጆንግ-ሂ ደግሞ ስከንክ ሄል የሚባለውን ክለብ የሚያስተዳድር ሰው ነበር፤ ክለቡ ከ2004 ጀምሮ የነበረው የድሮው ድራግ በነበረበት በዚያው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ያቺ ክፍል በ2009 ተዘጋች። በ2015 ስሙ ተመልሶ የተነሳው የት መሰላችሁ? አንተ ያለህበት ሙሌ-ዶንግ፣ ከብረት ቆራጮቹ መሃል።

ጠያቂ ልብ፦

ከንቲባ ሊ ሚዮንግ-ባክ ማለት በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ናቸው?

የባስ ክር፦

አዎ፣ እሳቸው ናቸው። እኔ በጣም ያዘንኩበት ነገር ደግሞ እዚህ ጋ ነው ያለው። ኖ ብሬይን የሚባል ባንድ አለ፣ ከክራይንግ ነት እኩል የተነሳ፣ ከድራግ የወጣ። በቁጣ ማንም አይደርስባቸውም ነበር። 2001 ላይ ጃፓን ፉጂ ሮክ ፌስቲቫል ላይ ተጋብዘው፣ በጃፓን የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ጉዳይ የኮሪያ ሕዝብ በተቆጣበት ሰሞን፣ መድረክ ላይ የድሮውን የጃፓን ጦር የፀሐይ ጨረር ባንዲራ ቀደዱ። እነዚያው ኖ ብሬይኖች፣ በ2006 «ሬዲዮ ስታር» የሚለው ፊልም ላይ ከታዩ በኋላ በጣም የተወደደላቸው ዘፈን ነበራቸው፤ 2007 ላይ የሊ ሚዮንግ-ባክ የምርጫ ቅስቀሳ ዘፈን ሆኖ ተሰማ። ከሁለት ዓመት በፊት ጥቁር መዝገብ ያሉት ሰውዬ! ደጋፊዎቻቸው ልባቸው ተሰበረ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የተሰማኝን ሳስብ፣ በር ላይ ቆሞ ትኬት የገዛው ልጅ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅተኝም። ሙዚቀኛ ቤቱን ማስተዳደር እንዳለበት አውቃለሁ፣ ሆቴል ውስጥ የማልወደውን ዘፈን ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን ከዚያ ያለፈ ነው።

የዴጉ ልጅ፦

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ዴጉ ነው የተማርኩት፣ ሴኡል ለሥራ የመጣሁት በኋላ ነው። ኖ ብሬይንን ያነሳኸው ትክክል ነው፣ ግን ታሪኩ እዚያ አልቆመም። ስለ ዱሪባን ሳታወሩ ይሄ ክር እንዳይዘጋ።

ዱሪባን ሆንግዴ አጠገብ የነበረች የካልጉክሱ ቤት ናት፣ በቢላ የተቆረጠ ፓስታ በሾርባ የሚቀርብባት። አካባቢው ሊፈርስ ታሰበና በ2009 የገና ዋዜማ እቃው ተጭኖ ባለቤቶቹ ተባረሩ። ኮሪያ ውስጥ ንግድ ቤት ስትይዙ ለቀድሞው ተከራይ የምትከፍሉት ትልቅ ገንዘብ አለ፣ እኛ መርካቶ ቁልፍ የምንለው ዓይነት። እነሱ ያን ሁሉ ከፍለው ገብተው፣ ውጡ ሲባሉ የቀረበላቸው የመጓጓዣ 3 ሚሊዮን ዎን ነው። ባለቤቷ አን ጆንግ-ኒዮ የተሸጎረውን አጥር ሰብራ ተመልሳ ገባች። ባሏ የልብ ወለድ ደራሲ ነው፣ አብሯት ተቀመጠ።

ከዚያ ሙዚቀኞቹ መጡ። ራሳቸውም በኪራይ ጭማሪ ከሰፈሩ እየተገፉ ስለነበር ነገሩ የራሳቸው ነው። በየሳምንቱ ባዶው ምግብ ቤት ውስጥ ይጫወቱ ጀመር። ሜይ 1 ቀን 2010 የሠራተኞች ቀን ላይ ከ50 በላይ ባንድ ተሰልፎ «51 ፕላስ» የሚል ፌስቲቫል አደረጉ። በጁላይ መብራቱ ተቆረጠባቸው፣ እነሱ ግን አልወጡም። በጠቅላላው 531 ቀን! ጁን 2011 ላይ እዚያው አካባቢ ቤቱን እንደገና የሚከፍቱበት ስምምነት ተፈረመ፣ ተከፈተም።

ከዚያ ከተነሱት ውስጥ እኔ የማልረሳቸው ባምሶም ፓይረትስ ናቸው። ሁለት ሰው ብቻ፣ ድራምና ባስ። ባምሶም ሴኡልን የሚያቋርጠው ሃን ወንዝ መሃል ያለች ደሴት ናት፤ በ1968 ነዋሪዎቿ ተነስተው በድማሚት ፈነዳች፣ ድንጋዩ ዮይዶ ለሚባለው አጠገቧ ላለው ሰፈር ግንባታ ተወሰደ። የፈረሰች ሰፈር ስም ይዘው በፈረሰ ምግብ ቤት ውስጥ ሲጫወቱ አስቡት። የእነሱ ፕሮዲውሰር የነበረ ፎቶ አንሺ በ2012 የሰሜን ኮሪያን የትዊተር መልእክቶች መልሶ በማጋራቱ በብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ታሰረ። እሱ ያጋራው ሊቀልድበት ነበር። መጀመሪያ ጥፋተኛ ተባለ፣ በይግባኝ ነፃ ወጣ። በዚህ ዘመን በዲሞክራሲ አገር ውስጥ ለቀልድ ያን ያህል መንገላታት! ጠያቂ ልብ፣ ለምን ይጮሃሉ ላልከው ይሄንንም ጨምርበት።

ስለ ሴኡል ብቻ ማውራትም ደስ አይለኝም። ዴጉ ወግ አጥባቂ የምትባል ከተማ ናት፣ ግን ድሪንኪንግ ቦይስ ኤንድ ገርልስ ኳየር የወጣው ከዚያ ነው። ድራሟን የምትመታው ሴት ናት፣ እየመታች ትዘፍናለች። 2019 ላይ አልበማቸው እንግሊዝ አገር ወጣላቸው። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ሰው መሆኔን ረስቼ በነበረበት ዓመት፣ ትንሽ ክለብ ውስጥ የማላውቃት ልጅ ጃኬቴን ተቀብላ አጥፋ ከራሷ ጃኬት ጋር ጥግ አስቀመጠችልኝ። «ላብሽ ሳይደርቅ ደጅ እንዳትወጪ» አለችኝ ስንጨርስ። እናቴ የምትለኝን ቃል። ከዚያ በኋላ በየወሩ እሄድ ነበር።

ጠያቂ ልብ፦

አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ያንን ድራም የምትመታዋን ሴት አሁን ከፍቼ እያየኋት ነው። ቅጂ ያልኩትን አንስቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ምድር ቤት፣ መጀመሪያ ያልከው፣ ያ በሁለት እጁ የቀዳው ልጅ። ሥርዓት አንቀበልም የሚል ሰው ለታላቁ ብድግ ማለቱ አይጋጭም?

የዴጉ ልጅ፦

እኔ እንደገባኝ አይጋጭም። የሚጣሉት ከታላቅ ጋር አይደለም። ክለቡን በኪራይ ተበድሮ ያቆየላቸው፣ አምፕሊፋየሩን በትከሻው ያወረደላቸው ያ ህዮንግ ነው። ለእሱ ሲነሱ ማንም አላዘዛቸውም። ግን እውነቱን ለመናገር ሌላም ጎን አለው፤ ታላቅ ታናሽ የሚለው ነገር ሴቶቹ ላይ ሲከብድ አይቻለሁ። ቡና አምጪ፣ ትኬት ቁረጪ ይባላሉ። ለዚህ ነው እንደ ረምኪክስ ያሉ ሴቶች የመሠረቷቸውን ባንዶች ሳይ ደስ የሚለኝ።

ምድር ቤት፦

ዛሬ እሑድ ነው፣ ትናንት ማታ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ክፍሏ ራሷ ሌላ መሰለችኝ።

ያ ፀጉሩን ያቆመው ልጅ ድራመር ኖሯል። ማክሰኞ ወታደር ቤት ይገባል። እዚህ አገር ወንድ ልጅ ሁሉ ግዴታ ነው፣ እግረኛ ጦር ከሆነ አንድ ዓመት ተኩል። ክራይንግ ነቶችም በ2002 መጨረሻ አብረው እንደገቡ ጓደኛዬ ነገረኝ፤ እዚህ ባንድ የሚፈርሰው በጠብ ሳይሆን በጥሪ ወረቀት ነው አለኝ።

የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ወንበር አምጥተው መድረኩ ላይ አስቀመጡት። የፀጉር መላጫ ማሽኑን መጀመሪያ የያዘው ያ ህዮንግ ነው። አንድ መስመር ከፊት ወደ ኋላ አወረደና ለሚቀጥለው ሰጠ። እንዲህ እየተቀባበሉ ሁሉም አንዳንድ መስመር ላጩለት፤ ያቺ መነጽር ከፍ አድርጋ የያዘችው ልጅም። ማንም ብዙ አላወራም። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ይመታ ነበር፣ የዘፈኑን ምት። ሲጨርሱ የድራም ዱላዎቹን ተቀብለው ግድግዳው ላይ፣ በተለጣፊ ወረቀቶቹ መሃል፣ በፕላስተር አሰሩዋቸው። የሚመለስበትን ወር ጻፉበት።

ወለሉን የጠረግሁት እኔ ነኝ። መጥረጊያው አጠገቤ ነበር፣ ማንም ጥረግ አላለኝም። ህዮንጉ አየኝና በሚቀጥለው ቅዳሜ አምፕሊፋየር ለማውረድ ቀደም ብዬ እንድመጣ ነገረኝ።

ሴኡል ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሙሌ ባቡር ጣቢያ እንገናኝ። የዴጉ ልጅ፣ አንቺም ነይ። ለጆሯችሁ ጥጥ ያዙ።